ፊውዳሊዝም አውሮፓ ውስጥ እንዴት በቀለ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሮም መውደቅ እስከ 1000 አካባቢ ድረስ ስላለው አውሮፓ ሳወራ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሌም ይመሳሰላሉ፣ ስለዚ አንድ ላይ ልመልሳቸው ብዬ ነው። ካልተናገርኩ በስተቀር ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። አብዛኛው የማወራው ደግሞ ስለ ፍራንኮች አገር ነው፣ የዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ቤልጅየምና ምዕራብ ጀርመን ማለት ነው፣ ምክንያቱም ነገሩ ጎልቶ የታየው እዛ ነው።

ፊውዳሊዝም ባጭሩ ምንድነው?

ለወታደር የሚከፈል ገንዘብ በሌለበት ዘመን ወታደርን በመሬት ማሳደር ነው። ጌታው ለተዋጊው መሬት ከነገበሬው ይሰጠዋል፣ ተዋጊው ታማኝ ሊሆን ይምላል፣ ሲጠራም ፈረሱን ጭኖ መሳሪያውን ይዞ ከተፍ ይላል። መሬቱ ፊፍ ይባላል፣ ተቀባዩ ቫሳል።

እዚ ጋ ሰው በጣም የሚያምታታው ነገር አለ፣ ቫሳልና ሰርፍ አንድ አይደሉም። ቫሳል ነጻ ሰው ነው፣ ታጣቂ ነው፣ አንዳንዴም ራሱ ትልቅ መስፍን ነው፣ ለጌታው ሲንበረከክ ክብሩ አይቀንስም እንደውም ከፍ ይላል። ሰርፍ ግን መሬቱን የሚያርሰው ነው፣ ማንም ፈቃዱን አይጠይቀውም፣ መሬቱ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ሲዞር እሱም ከነልጆቹ አብሮ ይዞራል። ፊልሞቹም መጽሐፎቹም የሚያሳዩን ከላይ ያሉትን ሰዎች ነው፣ እኔ ግን የዚ ዘመን ታሪክ ዋናው ሰው ገበሬው ነው ብዬ ነው የማምነው፣ መልሶቼ ወደሱ ቢያደሉ አትገረሙ።

ሮም ስትወድቅ ወዲያው ተጀመረ እንዴ?

አይ። በ476 ኦዶአከር የሚባል የጦር አለቃ የመጨረሻውን የምዕራብ ሮም ንጉሠ ነገሥት ሮሙሉስ አውጉስቱሉስን ከዙፋን ሲያወርደው አብዛኛው ሰው በማግስቱ ያው ኑሮውን ነው የቀጠለው። ለውጡ የመጣው ቀስ እያለ ነው፣ ሮም ያን ሁሉ ጦር ትቀልብ የነበረው ከግብር በሚሰበሰብ ገንዘብ ነው፣ አዲሶቹ ነገስታት ግን ግብር አሰባሰቡን ማስቀጠል እያቃታቸው ሄደ፣ ከተሞች ሟሸሹ፣ ንግዱ ሳሳ፣ በ541 የተነሳው የዩስቲንያኖስ ዘመን ወረርሽኝ ደግሞ ተጨመረበት። ሮም ከተማ ራሷ በደጉ ጊዜ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የነበራት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ብቻ ቀራት። ንጉሡ ለሰዎቹ የሚሰጠው ነገር መሬት ብቻ ሆነ።

ገበሬን ከመሬት ጋር ማሰር ግን ከዛ በፊትም ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ (መስቀል ስናከብር የምናነሳት የንግሥት እሌኒ ልጅ ማለቴ ነው) በ332 ባወጣው ህግ ኮሎኑስ የሚባለው ጭሰኛ ጠፍቶ ሌላ ቦታ ከተገኘ ወደነበረበት መሬት እንዲመለስ፣ ሊጠፋ ያሰበውም በሰንሰለት እንዲታሰር አዟል። ፍራንኮቹ ሲመጡ መሰረቱ ተጥሎ ነው የጠበቃቸው።

ነጻ የነበረ ሰው ለምን ብሎ ራሱን ለጌታ ይሰጣል?

ቱር ከምትባለው የፈረንሳይ ከተማ የተገኘ የ8ኛው ክፍለ ዘመን የውል አጻጻፍ ናሙና አለ፣ ጸሃፊዎች ስም ብቻ እየቀየሩ የሚገለብጡት አይነት። ሀሳቡ እንዲህ ነው፣ የምበላውና የምለብሰው እንደሌለኝ ሁሉም ያውቃል፣ ስለዚ ጌታዬ ሆይ አንተ ልታበላኝና ልታለብሰኝ፣ እኔም በህይወት እስካለሁ ድረስ እንደ ነጻ ሰው ላገለግልህና ላከብርህ፣ ከእጅህም መውጣት ላልችል ተስማምቻለሁ። እንደ ነጻ ሰው ይላል ግን መውጣት አይችልም! ለዚ የሚሆን የተዘጋጀ ፎርም መኖሩ በራሱ ስንት ሰው እዛ ደረጃ እንደደረሰ ይናገራል።

ረሃብ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። የፍራንኮቹ ንጉሥ ሻርለማኝ በ808 ባወጣው ትእዛዝ አራት ማንሱስ (አንድ ማንሱስ አንድ ቤተሰብ ያኖራል ተብሎ የሚታሰብ ይዞታ ነው) ያለው ነጻ ሰው በራሱ ስንቅና መሳሪያ ዘመቻ መውጣት ነበረበት፣ ከዛ ያነሰ ያላቸው ደግሞ ተዋጥተው አንድ ሰው ይልካሉ። ዘመቻው በየዓመቱ ነው፣ በጋ ላይ ነው፣ በጋ ደግሞ እዛ አገር የእርሻና የአጨዳ ጊዜ ነው። በ811 የተጻፈ ሌላ ሰነድ ላይ ድሆቹ ያሰሙት አቤቱታ ተመዝግቧል፣ መሬቴን ለጳጳሱ ወይ ለአበምኔቱ ወይ ለገዢው አልሰጥም ያለ ሰው እየተፈለገ ሁሌ እሱ ዘመቻ ይላካል፣ እስኪደኸይና ወዶም ጠልቶም መሬቱን እስኪያስረክብ፣ መሬቱን የሰጠው ግን እቤቱ ይቀመጣል። ይሄ የንጉሡ የራሱ ሰነድ ነው የሚለው። ስለዚ ሰው ለጥበቃ ብሎ ወዶ ገባ ሲባል ስሰማ ይሄን አቤቱታ አስታውሳለሁ።

ፊውዳሊዝምን የፈጠረው እርካብ ነው የሚባለው እውነት ነው?

በ1960ዎቹ በጣም የተወደደ ሀሳብ ነበር። እርካብ ሲመጣ ፈረሰኛው ኮርቻው ላይ ጸንቶ በጦር መውጋት ቻለ፣ ሻርል ማርቴል ይሄን አይቶ (በ732 ፖይትዬ አካባቢ የሙስሊሞቹን ጦር ያሸነፈው ሰውዬ ነው) የቤተክርስቲያን መሬት እየነጠቀ ለፈረሰኞች አደለ የሚል ነው። መሬቱን መውሰዱ እውነት ነው፣ እርካቡ ግን በዛን ጊዜ ገና በሰፊው እንዳልተለመደ ከመቃብር የሚወጡት ቁሶች ያሳያሉ፣ ስለዚ አሁን ሀሳቡን እንዳለ የሚቀበል ብዙ ሰው የለም።

እውነት የሆነው ነገር ውጊያ ውድ መሆኑ ነው። የሪፑዋሪያን ፍራንኮች ህግ ላይ የዋጋ ዝርዝር አለ፣ ጤነኛ በሬ 2 ሶሊዲ (የወርቅ ሳንቲም ነው)፣ ጥሩር 12፣ የራስ ቁር 6፣ ሰይፍ ከነሰገባው 7፣ ጋሻና ጦር 2። ፈረሱን ሳንቆጥር 27 ሶሊዲ ማለትም ከ13 በሬ በላይ አንድ ሰው ላይ ተጭኖ ነው የሚሄደው። ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ ይሄን ከየት ያመጣዋል? ተዋጊነት የባለመሬት ስራ ሆኖ የቀረው በዚ ነው።

ሻርለማኝ ጠንካራ ንጉሥ አልነበረም እንዴ? እሱ እያለ እንዴት?

በጣም ጠንካራ ነበር። ከ768 እስከ 814 ነግሶ ሳክሶኖችን (የሰሜን ጀርመን ህዝብ ናቸው) ብቻ ከ772 እስከ 804 ወግቷል፣ በ800 የገና ዕለት ሮም ላይ ሊቀ ጳጳሱ ሊዮ 3ኛ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ዘውድ ደፋለት። ግን ያን ሁሉ አገር የሚያስተዳድርበት ደሞዝተኛ ሹም አልነበረውም፣ ኮንት የሚባሉ ገዢዎች በየአውራጃው ሾመ፣ እነሱን የሚቆጣጠሩ ምስለኔዎች ሁለት ሁለት እያደረገ ላከ፣ ለሁሉም የሚከፍላቸው በመሬትና ከዘመቻ በሚመጣ ምርኮ ነው። ዘመቻው እስከቀጠለ ድረስ ለሁሉም ይደርሳል። ወረራው ቆሞ የሚከፋፈል አዲስ አገር ሲጠፋ ግን ሹማምንቱ ዞር ብለው የንጉሡን መሬት ራሱን ማየት ጀመሩ።

ታዲያ መቼ ነው የፈረሰው?

የሻርለማኝ ልጅ ሉዊ በ840 ሲሞት ሶስት ልጆቹ ተጫረሱ፣ በ843 ቬርደን ላይ ግዛቱን ለሶስት ተካፈሉ። ለዙፋን የሚፋለም ሰው ደጋፊ ይፈልጋል፣ ደጋፊ ደግሞ በነጻ አይገኝም፣ ስለዚ እያንዳንዱ ወንድም መሬትና ስልጣን ለመኳንንቱ እየቆረሰ ሰጠ። ልክ በዛው ጊዜ ቫይኪንጎቹ በወንዝ እየገቡ ነው፣ በ845 ፓሪስን ይዘው ራሰ በራው ሻርል (የፍራንኮች የምዕራቡ ክፍል የደረሰው ማለት ነው) እንዲሄዱለት 7000 ፓውንድ ብር ከፈላቸው። በምስራቅ ማጃሮች (የዛሬዎቹ ሃንጋሪዎች አባቶች)፣ በደቡብ ከባህር የሚመጡ ወራሪዎች። ንጉሡ ጦር አሰባስቦ እስኪደርስ ወራሪው ዘርፎ ወጥቷል፣ ቶሎ የሚደርስልህ እዛው ሰፈርህ ያለው ምሽግ ያለው ሰውዬ ነው፣ ስለዚ ሰው ታዛዥነቱን ወደሱ አዞረ።

ሻርል ነገሩ ገብቶታል። በ864 ያለፈቃዱ የተሰሩ ምሽጎች እንዲፈርሱ አዘዘ፣ የሰማው የለም ማለት ይቻላል። በ877 ጣልያን ሊዘምት ሲነሳ ደግሞ እሱ በሌለበት የሚሞት ኮንት ካለ ቦታው ለልጁ እንዲጠበቅ ፈቀደ፣ በህግ ደረጃ ጊዜያዊ ነገር ነበር ግን በተግባር ሹመት የቤተሰብ ርስት እየሆነ እንደነበር ያሳያል። ከዛ በኋላ ያለው መቶ ዓመት እኛ ዘመነ መሳፍንት የምንለውን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፣ ንጉሥ አለ፣ ስሙም ይጠራል፣ ግን ፈራጁም ግብር ሰብሳቢውም ኮረብታው ላይ ያለው ጌታ ነው። በ911 ኖርማንዲን ለቫይኪንጉ አለቃ ለሮሎ ሰጡት፣ ሌባውን ዘበኛ አድርጎ መቅጠር በሉት፣ ሰርቷል ደግሞ። በ987 ሁግ ካፔ ፈረንሳይ ላይ ሲነግስ ብዙዎቹ መሳፍንት ከሱ የሚያንስ ጉልበት አልነበራቸውም።

ቫሳል የሚሆነው ሰው ምን ያደርጋል? ስርአቱ ምን ይመስላል?

መሳሪያውን ፈትቶ፣ ራሱን ተከናንቦ ሳይሆን ገልጦ፣ ይንበረከክና ሁለት እጁን አጋጥሞ ጌታው እጆች መሀል ያስገባል። የፍራንኮች ዜና መዋዕል የባቫሪያው መስፍን ታሲሎ በ757 ለንጉሥ ፒፒን (ለሻርለማኝ አባት) እንደዚ በእጁ ገባ ይላል። በ1127 ፍላንደርስ (የዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ) ላይ የሆነውን በዓይኑ ያየ ጸሃፊ ደግሞ ዝርዝሩን ትቶልናል፣ ኮንቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ሰው ልትሆን ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ እሱም እፈልጋለሁ ይላል፣ እጁ ተይዞ ይሳሳማሉ፣ ከዛ በቅዱሳን አጽም ላይ ይምላል፣ በመጨረሻ ኮንቱ በእጁ የያዘውን በትር በምልክትነት ተጠቅሞ ፊፉን ያስረክባል። አብዛኛው ሰው መጻፍ በማይችልበት አገር ብዙ ሰው ያየው ምልክት ነው ሰነዱ።

መሃላው የምር ይከበር ነበር?

አንዳንዴ። አንድ ሰው ከሁለት ከሶስት ጌታ መሬት መቀበል ሲጀምር ጌቶቹ እርስ በርስ ሲጣሉ ለማን ይዋጋል? ይሄን ለመፍታት ሊጅ የሚባል ከሁሉ የሚቀድም ጌታ አመጡ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሁለት ሊጅ ያለው ሰው ተገኘ።

ከዚ ሁሉ ህግ ይልቅ እኔን የምትነካኝ ዱኦዳ የምትባል እናት ናት። ደቡብ ፈረንሳይ ኡዜስ ውስጥ ትኖር ነበር፣ ባሏ በርናርድ በ841ዱ የወንድማማቾች ጦርነት ለየትኛውም ወገን ሳይለይ ቆይቶ አሸናፊው ሲታወቅ የ14 ዓመት ልጃቸውን ዊልያምን ለራሰ በራው ሻርል እንዲገባ ሰደደው፣ ሎሌም መያዣም ሆኖ ማለት ነው። ሁለተኛው ልጇ ደግሞ ክርስትና ሳይነሳ ከእቅፏ ተወስዶባት ስሙን እንኳን አታውቅም። ቁጭ ብላ ለዊልያም የምክር መጽሐፍ ጻፈችለት፣ እግዚአብሔርን ፍራ፣ አባትህን አክብር፣ ለጌታህ ለሻርል ታማኝ ሁን እያለች። ሻርል በ844 አባትየውን አስገደለ። ልጁም የአባቱን መንገድ ይዞ በ850 ተገደለ። ታማኝነት የሚለውን ቃል ባየሁ ቁጥር እሷ ትታወሰኛለች።

የገበሬው ኑሮ ምን ይመስል ነበር?

እዚ ላይ ዕድለኞች ነን፣ ፓሪስ አጠገብ የነበረው የሳን ዠርማን ደ ፕሬ ገዳም አበምኔት ኢርሚኖን በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የገዳሙን ገበሬዎች በየስማቸው አስመዝግቧል። ከነሱ አንዱ ቦዶ ነው፣ ሚስቱ ኤርመንትሩድ፣ ሶስት ልጆች አሏቸው። የራሳቸው ማሳ፣ ትንሽ ወይንና ግጦሽ አላቸው። ዕዳው ደግሞ፣ ለጦሩ ሁለት ሺሊንግ ብር፣ አሳማዎቹን ጫካ ውስጥ ለማሰማራት ሁለት በርሜል ወይን ጠጅ፣ በየሶስት ዓመቱ 100 ሳንቃ፣ ሶስት ዶሮ፣ 15 እንቁላል፣ ለመኸርና ለበልግ ዘር የገዳሙን ሁዳድ ማረስ፣ በየሳምንቱ ሁለት ቀን የግዴታ ስራና አንድ የእጅ ስራ፣ ሲታዘዝም ዕቃ ማጓጓዝ። ቁጭ ብላችሁ አስቡት፣ የሳምንቱ ግማሽ የሌላ ሰው ነው፣ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታጨደው የማን እህል እንደሆነ አይጠየቅም።

እና ልብ በሉ ቦዶ ከደህናዎቹ ነው! ማሳው ነጻ ይዞታ ተብሎ ነው የተመዘገበው። ከሱ በታች ያሉት ከዛ የባሰ ነበራቸው። በኋላ ጌቶቹ የዳኝነት ስልጣኑንም ከንጉሡ ወርሰው ገበሬው እህሉን የጌታውን ወፍጮ ላይ እንዲያስፈጭ፣ ዳቦውን የጌታውን ምድጃ ላይ እንዲጋግር፣ ለሁሉም ድርሻ እንዲከፍል አስገደዱ።

ሰርፍና ባሪያ ልዩነታቸው ምንድነው?

ባሪያ ለብቻው ተነጥሎ ገበያ ላይ ይሸጣል፣ ሰርፍ በመርህ ደረጃ ከመሬቱ ተነቅሎ አይሸጥም፣ ቤትና ማሳ አለው፣ ያገባል። ባርነት ደግሞ ወዲያው አልጠፋም፣ እንግሊዝን ኖርማኖች ከያዙ በኋላ በ1086 በተደረገው ቆጠራ ከተመዘገበው ሰው 10 በመቶ ገደማ ባሪያ ነው። በብዙ ቦታ የሆነው ከታች ባሪያው ትንሽ ከፍ ሲል ከላይ ነጻው ገበሬ ዝቅ ብሎ መሀል ላይ ተገናኙ።

ጌታው የሙሽራይቱን የመጀመሪያ ሌሊት ይወስድ ነበር የሚባለውስ?

በፊልም ያየነው ነው፣ በዛ ዘመን እንዲህ ያለ ህግ እንደነበር የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም፣ ወሬው የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የነበረው ሌላ ነው፣ ሰርፍ ልጁን ከጌታው ግዛት ውጪ ሲድር ክፍያ ይከፍላል፣ ምክንያቱም ጌታው ሰራተኛና ወደፊት የሚወለዱትንም ልጆች እያጣ ነው። ጉልበት ባለበት ቦታ ሁሉ የሚደርሰው ጥቃት የለም ማለቴ ግን አይደለም፣ መብት ተብሎ አልተጻፈም ነው የምለው።

ቤተክርስቲያኗ ከማን ጋር ነበረች?

ከሁለቱም። የቦዶ ጌታ ገዳም እንደነበር አትርሱ፣ ሻርለማኝም በ779 አስራት ግዴታ አድርጎላታል። በሌላ በኩል በ989 ሻሩ በሚባል ቦታ የተሰበሰቡ ጳጳሳት የገበሬን ወይ የድሃን በግ፣ በሬ፣ አህያ፣ ላም፣ ፍየል፣ አሳማ የዘረፈ ሰው የተወገዘ ይሁን አሉ። ከብቶቹን አንድ በአንድ መጥራታቸው የሚዘረፈው ምን እንደነበር ይነግረናል፣ ዘራፊው ደግሞ ቫይኪንግ አይደለም፣ የአገሩ ፈረሰኛ ነው። የላኦኑ ጳጳስ አዳልቤሮም በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ህዝቡ የሚጸልይ፣ የሚዋጋና የሚሰራ ተብሎ በሶስት ተከፍሏል ብሎ ሲገጥም፣ እዛው ግጥም ውስጥ የሰርፎች እንባና ሲቃ ማለቂያ የለውም የሚል ስንኝ አስገብቷል።

እኛ አገር የነበረውስ ፊውዳሊዝም ነው?

ይሄ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል፣ ምክንያቱም ፊውዳል የሚለውን ቃል የለመድነው ከተማሪዎች ንቅናቄና ከመሬት ለአራሹ ሰልፍ ነው፣ ከዛም በእኛው አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ታወጀ፣ ቃሉም ስድብ ሆኖ ቀረ። የሚመሳሰል አለ፣ ማደሪያ መሬት ለአገልግሎት የሚሰጥ ስለሆነ ከፊፍ ጋር ይቀራረባል፣ ሁዳድ ማረስም ያው ነው። የሚለየው ግን ትልቅ ነው። በሰሜኑ ጉልተኛው ያለው መብት ግብር መብላት ነው፣ መሬቱ የገበሬው የራሱ ርስት ነው፣ ከእናትም ከአባትም እየቆጠረ የሚወርሰው፣ ጉልተኛው ተነስቶ ሊነቅለው አይችልም። ቦዶ እንዲህ ያለ መብት ቢሰጡት ደስታውን አይችለውም ነበር። በደቡብ ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ የመጣው የገባርነት ስርአት ግን ወደ አውሮፓው ሰርፍ ይበልጥ ይጠጋል። ስለዚ አንድ ቃል ወስዶ ሁሉም ላይ መለጠፍ አይሆንም።

በነገራችን ላይ አውሮፓውያኑ ራሳቸው በቃሉ አይስማሙም። በመካከለኛው ዘመን የኖረ ሰው ፊውዳሊዝም የሚል ቃል አያውቅም፣ ህግ አዋቂዎችና ፈላስፎች በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያመጡት ነው፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ይቅርብን የሚሉ የታሪክ ምሁራን ተነስተዋል፣ ቦታው ሁሉ የየራሱ መልክ ስላለው። እኔ ቃሉን የምጠቀመው አንባቢ ስለሚያውቀው ነው።

ገበሬው ዝም ብሎ ተቀበለው?

በፍጹም! ሳክሶኒ ውስጥ በ841 ስቴሊንጋ የሚባሉ ገበሬዎች ተነስተው ጌቶቻቸውን አባረዋል፣ ሉዊ ጀርመናዊው (ግዛቱን ከተካፈሉት ሶስት ወንድማማቾች አንዱ) በደም ነው ያጠፋቸው። ከሁሉ የሚያመኝ ግን የ859ኙ ነው። በሴንና በሏር ወንዞች መሀል ያለው ተራ ህዝብ ቫይኪንጎች ሲመጡበት ጌታ ሳይጠብቅ እርስ በርሱ ተማምሎ ራሱ ተዋጋቸው። በማህበር መማማላቸው ግን ለኃያላኑ አልተመቸም፣ የራሳቸው አገር መኳንንት መጥተው ጨፈጨፏቸው። ፊውዳሊዝም ማለት ገበሬው ለጥበቃ የከፈለው ዋጋ ነው የሚል ሰው ይሄን ዓመት ያስረዳኝ፣ ራሳቸውን ሲጠብቁ ነው የተገደሉት።

ኖርማንዲ ውስጥም በ996 አካባቢ ሪቻርድ 2ኛ መስፍን እንደሆነ ገበሬዎቹ በየአውራጃው ተሰበሰቡ። ጫካውንና ወንዙን እንደድሮው በራሳችን ልማድ እንጠቀም ነው ጥያቄያቸው፣ ከየስብሰባው ሁለት ሁለት ተወካይ መርጠው አንድ ጠቅላላ ጉባኤ ሊያደርጉ ተዘጋጁ። የመስፍኑ አጎት ኮንት ሮዱልፍ ወታደር ይዞ ደረሰባቸው፣ ተወካዮቹን ይዞ እጅና እግራቸውን ቆርጦ ወደ ቤተሰቦቻቸው መለሳቸው። የቀሩት ይሄን ሲያዩ ስብሰባውን ትተው ወደ ሞፈራቸው ተመለሱ ይላል ታሪኩን የጻፈው መነኩሴ።